የታዳጊ አገሮች የአየር መንገደኞችና የአካባቢ ጉዳይ፦ መነሻ ጥያቄዬና የተከተሉት 17 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

በታዳጊ አገሮች የሚኖሩ የአየር መንገደኞች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲጠየቁ ብዙዎቹ እንደሚያሳስባቸው ይናገራሉ፤ ትኬት ሲቆርጡ ግን ይህ አሳቢነት ከዋጋው፣ ከሰዓቱና ከሻንጣው ክብደት በስተጀርባ ይቀርና አይታይም። በዚህ መድረክ ያነሳሁት ጥያቄ ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ የሚመለከት ሲሆን የጀመርሁትም ከራሴ ነው። ባለፈው ጊዜ ትኬት ስገዛ፣ ክፍያውን ከማጠናቀቄ በፊት ለበረራው የካርቦን ልቀት ማካካሻ፣ ማለትም በሌላ ቦታ ልቀትን ለሚቀንስ ፕሮጀክት የሚውል፣ ጥቂት ገንዘብ እንድጨምር የሚጠይቅ ሣጥን መጥቶልኝ ነበር፤ ሳላነበው አለፍሁት። በዚያው ሳምንት ስለ ዝናብ መዛባት ከወዳጆቼ ጋር ለሰዓታት ስከራከር የነበርሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። የእኛ መንገደኞች አሳቢነት እውነተኛ ነው፤ የጎደለው ዕውቀትና አማራጭ ነው ብዬ ጻፍሁ። አቪዬሽን በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.5 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ጉዳዩ ያን ያህል አንገብጋቢ ላይሆን እንደሚችልም አክዬ ነበር። ይህ የመጨረሻው አስተያየቴ እንዴት እንደታረመ ከታች ይታያል። መልሶቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል በራሴ አገላለጽ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ በትሕትና ብትጀምርም ቅሬታዋን አልደበቀችም። የምትበረው በሦስት ዓመት አንዴ፣ በባዕድ አገር የምትኖረውን እኅቷን ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ጥያቄዬንም እንደ ክስ ነበር ያነበበችው። መከራከሪያዋ ጠንካራ ነበር፦ በ2018 ከዓለም ሕዝብ በአውሮፕላን የተሳፈረው 11 ከመቶ ገደማ ሲሆን ድንበር ተሻግሮ የበረረው ቢበዛ 4 ከመቶ ነው፤ ከመንገደኞች በረራ ልቀት ግማሽ ያህሉ ደግሞ አዘውትሮ ከሚበረው 1 ከመቶ ሕዝብ የሚመነጭ ነው። እንግዲያውስ ጥያቄው ለምን ወደ እርሷ እንደመጣ እንድገልጽላት ጠየቀች።

2ኛው ጸሐፊ እርሷን ደግፎ ወደ ታሪክ ገባ። በ1997 የኪዮቶ ፕሮቶኮል ሲጻፍ የዓለም አቀፍ በረራ ልቀት ከየአገሩ የልቀት ሒሳብ ውጭ እንዲሆንና ጉዳዩ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአይካኦ፣ በኩል እንዲታይ መደረጉን አስታወሰ። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንድ አውሮፕላን ይዞት የመጣው ነዳጅ በደረሰበት አገር እንዳይቀረጥ መደንገጉን፣ በኋላም አገሮች እርስ በርስ የተፈራረሟቸው ስምምነቶች ይህን ነጻነት እንዳሰፉት አብራራ። በብዙ ድሃ አገሮች የአውቶቡስ ተሳፋሪው በናፍጣው ዋጋ ውስጥ ግብር እየከፈለ የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኛ ለአውሮፕላኑ ነዳጅ፣ ለኬሮሲኑ፣ ግብር የማይከፍልበት ሥርዓት የተዘረጋው ገና ብዙዎቹ ታዳጊ አገሮች ነጻ መንግሥት ሳይሆኑ ነው የሚለው ነጥቡ እኔንም አሳሰበኝ።

መልስ 3

ንግግሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። 3ኛው መልስ ሰጪ የአገር አማካይ ልቀት ዝቅተኛነት የግለሰብ መደበቂያ እየሆነ መምጣቱን በብርቱ ቃል ተቃወመ። ድሃ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ድሃ መንገደኛ አይደለም፤ በወር ሁለቴና ሦስቴ ለስብሰባ የሚበር ሰው ከጎረቤቱ ገበሬ ጋር ተደምሮና ተካፍሎ ንጹሕ ሊሆን አይችልም ይላል። ለ1ኛዋ ጸሐፊ ያለው አክብሮት ሳይጓደል፣ እርሷ የጠቀሰችው 1 ከመቶ ሕዝብ ውስጥ የታዳጊ አገሮች ባለሥልጣናት፣ ነጋዴዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችም እንዳሉበት አሳሰባት። አነጋገሩ ሊለዝብ ይችል ነበር፤ ነጥቡን ግን የሚያስተባብል አላገኘሁም።

መልስ 4

ለረጅም ዘመን በአውሮፕላን ጥገና የሠሩ አንድ አባት የሰጡት መልስ ስሕተቴን ያረመ ነበር። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጻፍሁት 2.5 ከመቶ ከእውነት የራቀ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን የበረራን ሙሉ ጉዳት እንደማያሳይ ገለጹ። ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ከሞተሩ የሚወጣው ተን በጥቀርሻው ቅንጣቶች ላይ በረዶ ሆኖ ነጭ የደመና መስመር ይሠራል፤ መስመሩ ሲሰፋ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ያግታል። በተለይ የሌሊቱ ደመና የፀሐይን ብርሃን የሚመልስበት ዕድል ስለሌለው ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው። ይህና ከሞተሩ የሚወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ውጤት ሲደመር የአቪዬሽን ድርሻ የሰው ልጅ እስካሁን ካስከተለው የማሞቅ ጫና 3.5 ከመቶ ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ከደመናው ሙቀት አብዛኛውን የሚያመጡት ጥቂት በረራዎች መሆናቸውንና የከፍታ ለውጥ ብቻ ብዙ ሊያድን እንደሚችልም አከሉ።

ከዚያም ሒሳቡን ማንም ሊከተለው በሚችል መንገድ ሠሩልን። አንድ ኪሎ ግራም ኬሮሲን ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ክብደቱ ከነዳጁ የሚበልጠው በቃጠሎው ጊዜ ከአየር ላይ ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው። ዘመናዊ አውሮፕላን ለአንድ መንገደኛ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ያቃጥላል ብንል፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 150 ሊትር፣ በክብደት 120 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል። ልቀቱ 380 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ደርሶ መልስ ሲሆን ደግሞ 760 ይሆናል። በዓለም እጅግ ድሃ በሆኑ በርካታ አገሮች የአንድ ሰው የሙሉ ዓመት አማካይ ልቀት ከዚህ ቁጥር ያንሳል። ይህን ካነበብሁ በኋላ ጉዳዩ አንገብጋቢ ላይሆን ይችላል ያልሁትን ዐረፍተ ነገር ከመነሻው ጽሑፍ ሳልሰርዝ ከሥሩ እርማት ጻፍሁበት፤ ስሕተቱና እርማቱ አብረው መታየታቸው ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ነው።

መልስ 5 እና 6

5ኛው ጸሐፊ አነስተኛ ነጋዴ ነው። ዕቃ የሚያመጣባት ከተማ በየብስ የበርካታ ቀናት መንገድ ናት፤ ባቡር የለም፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የተስፋፋውንና የበረራ ሀፍረት እየተባለ የሚጠራውን ስሜት ጠቅሶ፣ ሀፍረት የሚኖረው ከአውሮፕላኑ ጎን ባቡር ሲቆም ነው ብሏል። ፈረንሳይ በ2023 አንዳንድ የአገር ውስጥ በረራዎችን ስትከለክል እንኳ መለኪያዋ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ መድረስ መቻሉ ነበር። ባቡር የሌለውን ሰው አመለካከት ባቡር ካለው ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም የሚለው ድምዳሜው ብዙ ድጋፍ አገኘ።

6ኛው አጭር ነበር፦ የነጋዴው ጉዞ ግድ ነው፤ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ለመሳተፍ የሚደረገው ጉዞ ግን ግድ እንዳልነበረ በ2020 አውሮፕላኖች በቆሙ ጊዜ ሁላችንም አይተናል።

መልስ 7

ከውይይቱ ክር ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው። ጸሐፊዋ የመንገደኞችን አመለካከት በማጥናት ላይ ያለች ተመራማሪ ስትሆን፣ ክርክራችን የቆመበትን መሠረት ራሱን መረመረችው። መንገደኞች ያሳስበናል ይላሉ ስንል፣ ማን ጠይቋቸው፣ በምን ቃል፣ የት ቆመው ነው የሚለውን አላነሣንም ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ቦታው ነው። መጠይቁ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በረራ በሚጠበቅበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ለአካባቢ ብሎ ጉዞውን የተወ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም፤ የትኬት ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበትም እንዲሁ። ስለዚህ ናሙናው ገና ሲጀመር ለመብረር ከወሰኑት ብቻ የተመረጠ ነው። በዚያ ላይ አንድ ትሑት ወጣት ወረቀት ይዞ ቀርቦ ስለ ተፈጥሮ ሲጠይቅ፣ ግድ የለኝም ብሎ የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው፤ መልሱ ለጠያቂው የሚሰጥ አክብሮትም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ችግር መለኪያው ነው። የአካባቢ አመለካከትን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት ሚዛን በአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1978 የተዘጋጀና በ2000 ወደ 15 ዐረፍተ ነገሮች ተሻሽሎ የወጣ ነው። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ የሰው ልጅ የቀረውን ፍጥረት ሊገዛ የታሰበ ነው የሚል ይዘት ያለው ሲሆን፣ በዚህ የሚስማማ ሰው ለአካባቢ ያለው ቁርኝት ዝቅተኛ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ሃይማኖት በሰፊው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ግን ሰው ይህን ሲያነብ የሚመልሰው የእምነት ጥያቄ ነው፤ መግዛትንም እንደ አደራ ጠባቂነት የሚረዳው ብዙ ነው። ዛፍ ሳይቆርጥ ያደገ፣ ምንጭ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በዚህ ሚዛን ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እርሷ ራሷ በሥራዋ ላይ ያንን ዐረፍተ ነገር ያነበቡላት አንድ አረጋዊ መንገደኛ፣ ምልክት ከማድረጋቸው በፊት ማብራሪያ መስጠት እንደጀመሩና ለማብራሪያቸው የሚሆን ቦታ በቅጹ ላይ እንዳልነበረ ጽፋለች።

እኔ አሳቢነቱ እውነተኛ ነው ብዬ የጀመርሁት ብዙ ሳላመነታ ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ አሳቢነቱ የለም አልልም፤ እስካሁን በትክክል ስለመለካቱ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ 8

8ኛው ጸሐፊ በትርጉም ሥራ ላይ የተሠማራ ሲሆን ለተመራማሪዋ ነጥብ የራሳችንን ቋንቋ ምሳሌ ሰጠ። በአማርኛ አካባቢ ስንል ቅርባችን ያለውን፣ ዙሪያችንን፣ መንደራችንን ማለታችን ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ የተጠየቀ ሰው አእምሮው የሚሄደው ወደ ጽዳት፣ ወደ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ቢርቅ ወደ ችግኝ ተከላ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ሽቅብ ያለው ሰማይ በቃሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ መንገደኛው ለአካባቢ ጥበቃ እጨነቃለሁ ሲልና ሲበር ከራሱ ጋር አልተጋጨም፤ ጠያቂው የጠየቀው ሌላ፣ እርሱ የመለሰው ሌላ ነው። ጥያቄው አውሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ በዝናቡ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ በግልጽ ቢጠይቅ የምናገኘው መልስ የተለየ ይሆናል ብሎ ያምናል። እኔም አምናለሁ፤ ክፍተት ብዬ የጠራሁት ነገር ከፊሉ የቃል ክፍተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም።

መልስ 9 እና 10

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። 9ኛዋ በበረራ ላይ ስለሚጣሉት የፕላስቲክ ኩባያዎችና መጠቅለያዎች ምሬቷን በዝርዝር ጻፈች፤ 10ኛው ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ መኖር በልጆቹ እንቅልፍ ላይ ምን እንዳደረገ ተረከ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሆኖም በመሃል ገብቼ ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ጠየቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን መዘዋወሩ ራሱ የ8ኛውን ጸሐፊ ሐሳብ ያረጋገጠ ነበር፦ ኩባያው በእጅ ይያዛል፣ ድምፁ ይሰማል፤ ስለዚህ ቁጣችን እዚያ ላይ ያርፋል። ዘጠኝ ግራም የማይሞላው ኩባያ የሚያበሳጨን፣ በያንዳንዳችን ስም የሚቃጠለው 120 ኪሎ ግራም ኬሮሲን ግን ትዝ የማይለን ስላልታየን ነው።

መልስ 11 እና 12

የካርቦን ማካካሻው ጉዳይ ሲነሣ ጨዋነቱ ላላ። 11ኛው ጸሐፊ፣ ሣጥኑን ሳላነብ ማለፌን ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብሎ፣ የማካካሻ ክፍያን ገንዘብ ሰጥቶ የኃጢአት ስርየት ከመግዛት ጋር አነጻጸረው። ሊቆረጥ ያልታሰበ ደን ከመቆረጥ ዳነ ተብሎ የተሸጠ የምስክር ወረቀት እንዳለ፣ በሚገባ ሲመረመር የተባለውን ያህል ልቀት ያላስቀረ ፕሮጀክት ብዙ ሆኖ መገኘቱን ዘረዘረ። የሚከፍሉትን ሰዎች የዋሆች ብሎ መጥራቱ ግን አላስፈላጊ ነበር።

12ኛዋ በቁጣ መለሰችለት። ከእነዚያ ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ የሚገኙት በታዳጊ አገሮች ነው፤ እርሷም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በሚያሠራጭ ሥራ ላይ አገልግላለች። የምድጃው ሒሳብ ተጋኖ ሊሆን እንደሚችል ባትክድም፣ ጭሱ ከቤቱ ሲቀንስ የአንዲት እናት ሳል ሲቀል በዓይኗ አይታለች። ከዚህ በላይ ያሳዘናት ሌላ ነው፦ በሩቅ አገር የሚበረው መንገደኛ ልማዱን ሳይለውጥ፣ ለውጡን የምታደርግለት ምድጃዋን የምትቀይረው ሴት መሆኗ። ስለዚህ 11ኛውን በስድቡ ብትቃወመውም በዋናው ነጥብ ብዙም አልራቀችውም፤ ሁለቱ ይህን ሳያስተውሉ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የእርሷ የመጨረሻ ሐሳብ ነው። የታዳጊ አገር መንገደኛ ማካካሻውን የማይከፍለው ስለማይገደው ላይሆን ይችላል፤ ገንዘቡ የሚደርስበትን ቦታ በቅርብ ስለሚያውቀው ሊሆን ይችላል።

መልስ 13

ይህ ጸሐፊ ውዝግቡን ለማብረድ የዓለም አቀፉን አሠራር አብራራ። አይካኦ በ2016 ኮርሲያ የተባለውን የማካካሻ ሥርዓት አጽድቋል። የሙከራው ጊዜ ከ2021 እስከ 2023 ሲሆን፣ ከ2024 እስከ 2026 ያለው የመጀመሪያ ምዕራፍ በአገሮች ፈቃደኝነት የሚካሄድ ነው፤ ከ2027 ጀምሮ ግዴታ ይሆናል። እጅግ ኋላ ቀር የሆኑ አገሮች፣ ትናንሽ ደሴቶችና የባሕር በር የሌላቸው ታዳጊ አገሮች ግን በፈቃዳቸው ካልገቡ በቀር ነጻ ናቸው። አየር መንገዱ የሚያካክሰው ከ2019 ልቀት 85 ከመቶ በላይ የሆነውን ጭማሪ ብቻ ነው፤ የአገር ውስጥ በረራ አይካተትም። መንገደኛው የሚያየው ሣጥን ከዚህ የተለየና በፈቃድ የሚከፈል መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር።

መልስ 14 እና 15

14ኛው ስለ ደሴት አገሮች ጻፈ። ማልዲቭስን በመሰለ፣ ከፍተኛው የተፈጥሮ ነጥቡ ከባሕር ጠለል ከሦስት ሜትር በማይበልጥ አገር፣ ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው ሙቀት ከፊሉ የሚመጣው እንጀራቸው የሆኑትን ጎብኚዎች ከሚያመጣው አውሮፕላን ነው። በዓለም ጉባኤ ላይ ስለ ደሴታቸው ለመሟገትም የሚሄዱት በዚያው ነው። ለእነዚህ ሰዎች አመለካከትህ ምንድን ነው ብሎ አምስት ምርጫ ያለው ቅጽ መስጠት ምን ትርጉም እንዳለው ጠየቀ። 15ኛዋ ይህንኑ ስታጠናክር፣ በ2020 በረራ ሲቋረጥ በብዙ የአፍሪካ የዱር እንስሳት መጠበቂያዎች የጠባቂዎች ደመወዝ የሚከፈልበት የጎብኚ ገቢ መድረቁን አስታወሰች። አውሮፕላኑ ሰማዩን ሲጎዳ ዝሆኑን ያኖር ነበር።

መልስ 16

16ኛው ጸሐፊ ስለ ስሜት ማውራቱን ትተን ስለ ክፍያ እንነጋገር አለ። ፈረንሳይ ከ2006 ጀምሮ በትኬት ላይ የምታስከፍለው የትብብር መዋጮ ለድሃ አገሮች መድኃኒት የሚያቀርበውን ዩኒትኤይድን ሲደግፍ መቆየቱን፣ በ2025 ደግሞ በስፔኗ ከተማ በሴቪል በተደረገው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ላይ ኬንያ፣ ቤኒንና ሴራሊዮን የሚገኙባቸው አገሮች ከፈረንሳይ፣ ከስፔንና ከባርቤዶስ ጋር ሆነው በቢዝነስና በመጀመሪያ ማዕረግ መንገደኞች ላይ መዋጮ ለመጣል ጥምረት መመሥረታቸውን ጠቀሰ። የቢዝነስ መቀመጫ የሚይዘው ቦታ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ሰው የሚሰላው ልቀት ከኢኮኖሚው መቀመጫ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በዚህ መንገድ በሦስት ዓመት አንዴ የምትበረው የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ሳትነካ፣ የ3ኛው ጸሐፊ ተዘዋዋሪ ባለሥልጣን ይከፍላል። ክሩ ከተጀመረ ወዲህ 1ኛውና 3ኛው መልስ የተስማሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ብቻ ነው።

መልስ 17

የመጨረሻው መልስ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ሁለተኛ ጽሑፍ ነው። በመልስ 4 የጻፉትን አባት ሒሳብ ይዛ በሚቀጥለው ጉዞዋ ላይ ሠርታዋለች። ርካሹ ትኬት ሁለት ቦታ የሚያርፍ ሲሆን መንገዱን በሩብ ያህል ያስረዝመዋል፤ በእያንዳንዱ መነሣትም ተጨማሪ ነዳጅ ይቃጠላል። በቀጥታ የሚሄደው ውድ ነው። ልዩነቱን ለመክፈል ጉዞዋን በስድስት ወር አዘግይታ ገንዘብ እያጠራቀመች መሆኗን ጻፈች፤ ያደረገችውም ማንም ስላሳፈራት ሳይሆን ቁጥሩን ስላየችው ነው። ትኬቱን የሚሸጥላት ድርጅት የበረራውን የነዳጅ ፍጆታ በትኬቱ ላይ እንዲጽፍላት በደብዳቤ ጠይቃለች፤ መልስ አልመጣላትም። የደብዳቤዋን ቅጂ ከመልሷ ጋር አያይዛዋለች። እኔም በራሴ የጉዞ ዝርዝር አስተካክዬ ባለፈው ጊዜ ትኬት ለሸጠልኝ ድርጅት ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ።